ማሞ ቂሎ መጽሐፍ ሲሆን
ለእህት ለወንድሞቻችን ልጆች ስጦታ ስንገዛ እጃችን የሚሄደው ወደ እንግሊዝኛው መጽሐፍ ነው። «አማርኛውን እቤት ይሰማዋል» እንላለን። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ግን በዚህ አልረኩም። እሳቸው ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በ2005 ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ለልጆች መድረስ ጀመረ።

ተረቱንማ ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ የጎደለው ሕፃኑ በእጁ ይዞ የሚገልጠው መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ከስጦታችን አንዱን አማርኛ እናድርገው፤ ቁጭ ብለንም እናንብብለት። ገዢ ያጣ መጽሐፍ ዳግም አይታተምም።