ማዕድናዊ ዘይት፦ ከጆንያው ወደ እህሉ

ማዕድናዊ ዘይት (ሚኔራል ኦይል) ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ዘይት ነው። የሞተር ዘይት፣ ግሪስና ቫዝሊን ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ሻማ የሚሠራበት ፓራፊን ደግሞ ማዕድናዊ ሰም ይባላል። ከኑግ ወይም ከሰሊጥ የሚጨመቀውን ዘይት ሰውነታችን ፈጭቶ ኃይል ያደርገዋል፤ ማዕድናዊውን ግን እንዲህ አይጠቀምበትም።

ባለሙያዎች በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ሞሽ የሚባለው ሙሌት ሃይድሮካርቦን ነው። ከፊሉ በጉበትና በስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሆኖም የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ አውሮፓውያን ከምግብ በሚያገኙት መጠን ለጤና አያሰጋም ብሏል። ሁለተኛው ሞአህ፣ ማለትም አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን ነው። ከዚህ ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ የካርቦን ቀለበት ያላቸው ዘረመልን ሊጎዱና ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ። በሚገባ የተጣራ ነጭ ዘይት ሞአህ ስለሚወገድለት ለመድኃኒትና ለምግብ ማሽን ይፈቀዳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ከምግብ አጠገብ ሊደርስ አይገባም።

ታዲያ እንዴት ምግብ ውስጥ ይገባል? ቡናችን በ60 ኪሎ የጁት ጆንያ ወደ ውጭ ይላካል። የጁት ቃጫ ሲፈተል እንዲለሰልስ ዘይት ይጠጣል፤ ያ ዘይት ማዕድናዊ ከሆነ ወደ እህሉ ይሻገራል። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ለምግብ ጆንያ መስፈርት አወጣ፤ በአንድ ኪሎ ቃጫ ላይ ሳሙና የማይሆን ቅሪት (ማዕድናዊ ዘይት የሚገኝበት ክፍል) ከ1250 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። የጋዜጣ ቀለምም ማዕድናዊ ዘይት ሊኖረው ይችላል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ ይህን ይቀበላል፤ ከአሮጌ ጋዜጣ በተሠራ ካርቶን ውስጥ ደግሞ ቀላሉ ክፍል ተንኖ፣ ሳይነካካ እንኳ ምግቡ ላይ ያርፋል።

በአሶሳና በመተከል ለሚመረተው ሰሊጥ ጉዳዩ ይብሳል። የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ዘይት ደግሞ ዘይትን ይስባል። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች በ2022 እ.ኤ.አ. በምግብ ዘይት ውስጥ ሞአህ በኪሎ ከ2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተስማምተዋል። ይህ ጠብታ የማይሞላ መጠን ነው።

አንዴ ከገባ በማበጠር አይወጣም፤ መከላከል የሚቻለው ከመነሻው ነው። በመተከል ገነተ ማርያም ያለ ገበሬ ሰሊጡን በንጹሕ ሸራ ላይ ይውቃ። ነጋዴው ዘይት የነካ ማዳበሪያ አይጠቀም፤ ሰሊጥና የነዳጅ በርሜል በአንድ መኪና አይጫን። የዘይት መጭመቂያ ያለውም ለምግብ ማሽን የተፈቀደውን ግሪስ ይግዛ። ዋጋው ቢወደድም የሚጠብቀው የሰው ጤና ነው።