ለጅብ ቀዳዳ የተወች ከተማ

«ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ሐረር ግን ጅብን አሳምራ የምታውቅ አገር ናት፤ አውቃውም ገንፎ ታቀርብለታለች።

ይህን እንድናነሣ ያደረገን የሳይንስ ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ የሥነ ምህዳር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በመቀሌ ዙሪያ የሚኖሩ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ጥንብ እንደሚያስወግዱ ገመተ። በዚህም የተነሣ በዓመት 5 ሰዎች፣ እንዲሁም 140 ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ይድናሉ ይላል። የሕክምናው ወጪና የሚተርፈው የከብት ዋጋ ሲደመር 52,165 ዶላር ገደማ ነው። ደመወዝ የማይጠይቅ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ማለት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ተመራማሪዎች በትግራይ የጅብ ዐይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መረመሩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሰው ሥጋ ሲተው፣ የሚጣለው አጥንትና ቆዳም ይቀንሳል። ጅቡ ታዲያ ምን ይሁን? ፊቱን ወደ አህያ አዞረ። ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ የነበረው የአህያ ፀጉር በጾሙ ወቅት 33.1 በመቶ ደረሰ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ያሉ አባቶች በከንቱ አልተናገሩም። ነገሩ ያስቃል፤ ቁም ነገሩ ግን የሰው ማዕድና የጅብ ማዕድ በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸው ነው። እኛ አንዱን ጫፍ ስንስብ ሌላው ይነቃነቃል።

ይህን ገመድ ማንም ሳይለካው አውቆ የያዘ ከተማ ለማየት ከሰሜኑ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጀጎል መሄድ ያስፈልጋል።

የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር እንደታነፀ ይነገራል። አምስት በሮች ነበሩት፤ ሌሊት ሌሊት ይዘጉ ነበር። የተሠራው ጠላትን ለመከላከል ነው። ነገር ግን በዚሁ ግንብ ሥር ዝቅ ብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ ወራባ ማለት ጅብ ነው። ሰው ከውጭ ተዘግቶበት ሲያድር ጅብ ግን ይገባ ነበር። በጠባቦቹ መንገዶች እየዞረ የተጣለውን ለቃቅሞ ይበላና ሳይነጋ ይወጣል።

አፈ ታሪኩ እንደሚለው በአንድ የረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ጀመሩ። የከተማዋ ደጋጎች በሐኪም ጋራ ተሰብስበው መከሩ። መፍትሔ ያሉት ጅቡን መጨረስ ሳይሆን ማብላት ነበር። ዛሬም በአሹራ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉም የመጪውን ዓመት ዕድል ይናገራል ተብሎ ይታመናል። ቱሪስት የሚጎርፍለት በእጅና በአፍ ሥጋ የማጉረስ ትርዒት ግን ቅርብ ነው፤ ከ1960ዎቹ ወዲህ የመጣ ሲሆን ዩሱፍ ሙሜ ሳሌህ ለረጅም ዓመታት ሲያበላ ኖሮ ለልጁ ለአባስ አስረክቧል።

ነገሩን ማሳመር ግን አይገባም። ጅብ በግ ይወስዳል፣ ሕፃን ይነጥቃል። በብዙ የአገራችን ክፍል ደግሞ ብረት ቀጥቅጦና ሸክላ ሠርቶ የሚያኖረን ባለሙያ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ተብሎ ከጋብቻና ከማኅበር ተገልሏል። የጅብ ፍርሃታችንን ዕዳ ሰው ከፍሎበታል። በሐረር ግን ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ እምነትም አለ፦ ጅብ ጂን እየበላ ከተማውን ያጸዳል። አንዱ እምነት ሰውን ጅብ አድርጎ ያባርራል፤ ሌላው ጅብን ጎረቤት አድርጎ ያስገባል።

«አባቶቻችን ሳይንሱን ቀድመው ያውቁት ነበር» የሚል መደምደሚያ አልወድም። ስለ አባ ሰንጋ ተህዋስ አያውቁም ነበር። ያወቁት ሌላ ነገር ነው፦ አብሮ መኖር ራሱን ችሎ አይመጣም፣ ይሠራል። ቀዳዳ ይተውለታል፣ ቀን ይቆረጥለታል፣ ቀለብ ይመደብለታል። የተሠራ ነገር ደግሞ ይፈርሳል።

የሚያሰጋኝም ይኸው ነው። በዶላር ብቻ የተተመነ ጅብ፣ ነገ በርካሽ የሚሠራ የቆሻሻ መኪና ሲመጣ «አያስፈልግም» ይባላል። ህንድ በጥንብ አንሣ የደረሰባትን እናስታውስ። እኛ ለወገብ ሕመም የምንውጠው ዳይክሎፌናክ ለከብት ሕክምና ሲውል፣ የሞተውን ከብት የበሉት ጥንብ አንሣዎች ኩላሊታቸው እየከሸፈ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለቁ። በ2024 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት እንደገመተው፣ ከ2000 እስከ 2005 ብቻ በዚህ ሳቢያ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰዎች ሞተዋል። ጥንቡን የሚያነሣ ጠፍቶ ውሻና አይጥ በዛ፣ ውሃው ተበከለ። የጥንብ አንሣ ዋጋ የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ግንቡ ይጠገናል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ዙሪያው በቤት ይሞላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ግን ቅርሱ ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ በድንጋዩ መካከል ሆን ተብሎ የተተወው ክፍትም ጭምር ነው። ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ካርታቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ጅቡ ከየት ወጥቶ በየት ይገባል? ግንብ ጠጋኙም ሲሚንቶውን ይዞ ወደዚያች ቀዳዳ ሲደርስ፣ ለምን እንደተተወች የሚነግረው ሽማግሌ አጠገቡ ይኑር።