የአምቦው ተማሪና የሼክስፒር ተውኔቶች

ከአዲስ አበባ በቡራዩና በሆለታ አልፎ በሚደረስበት በአምቦ አካባቢ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በልጅነታቸው ቅኔን፣ ማለትም ከሰሙ ሥር ወርቁን የሚሰውረውን የግእዝ ግጥም ጥበብ፣ ቀስመው ነበር። ገና የአምቦ ተማሪ ሳሉም ስለ ንጉሥ ዳዮኒስዮስ የደረሱት ተውኔት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀርቧል። ኋላም የሼክስፒርን ሥራዎች ባነበቡ ጊዜ የሰጡት ምላሽ ከአድናቆት አልፎ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን በአማርኛ ስንኝ፣ ማለትም ቤት በሚመታ የግጥም መስመር፣ እስከ መተርጐም ደረሰ። በ«ማክቤዝ» ባላባቱ በእንግድነት ያደረውን ንጉሥ በገዛ ቤቱ ሲገድል፣ የእንግዳን ክብርና የዙፋንን ሽኩቻ ጠንቅቆ የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ ተመልካች የወንጀሉን ክብደት ለመረዳት ሐተታ አያሻውም። የባዕድ ድርሰት በሚገባ ተነበበ የሚባለው እንዲህ የራስን ቋንቋ ሲያበለጽግ ነው።