የአባት ዕዳ ለልጅ? የንጉሡ ቤተሰብ መጨረሻ



ስለ ንጉሡ ዘመን ወሬ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ ዘመኑን ማርና ወተት ያደርገዋል። ሌላው «የእጃቸውን አገኙ» ብሎ ይዘጋዋል። እኛ ግን ሁለቱን ሒሳብ ለየብቻ እንየው እንላለን።

በመጀመሪያ የዙፋኑ ሒሳብ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረገ። ዒዳችን የመንግሥት በዓል አልነበረም። አባቶቻችን በገዛ አገራቸው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባሉ ነበር። በደሉም በሙስሊሙ ብቻ አልቆመም። እዚሁ ጎጃም በ1960 ገበሬው አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ሲል አውሮፕላን ተላከበት። ቀጥሎም የወሎ ረሀብ መጣ፤ ወገን ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ ዝም አለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊም እኩልነትን ጠይቆ አደባባይ ሲወጣ፣ አብረውት የተሰለፉ ክርስቲያን ወንድሞችም ነበሩ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አውርዶ በቮልስዋገን መኪና ወሰዳቸው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ደስ አለው፤ እንፈርድበትም ዘንድ አንችልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሒሳብ እንምጣ። ከንጉሡና ከእቴጌ መነን ስድስት ልጆች በዚያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት ሁለት ናቸው። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ለሕክምና ውጭ አገር ነበሩ። ልዕልት ተናኘወርቅ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸው ከሴት ልጆቻቸው ጋር ታሰሩ። ልጃቸው እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለ ሥልጣናት አንዱ ነው። የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ በ1969 እስር ላይ እያለች ሞተች። የቀሩት ሴቶች እስከ 1980 ድረስ፣ 14 ዓመት ገደማ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ታሰሩ። ወጣቶቹ የልጅ ልጆች ደግሞ ከእነሱም በኋላ ነው የተፈቱት።

ንጉሡ ራሳቸው ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሞቱ። ደርግ «ታመው ነው» አለ። መንግሥቱ ሲወድቅ ዐቃቤ ሕግ ታፍነው ተገድለዋል ብሎ ከሰሰ። አፅማቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በክብር የተቀበረው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው።

ከእኛ በፊት ሩሲያም ይህን አይታለች። ዛር ኒኮላስ 2ኛ በ1905 (በፈረንጆቹ) ወታደሮቹ በሰላማዊ ሰልፈኛ ላይ የተኮሱበት ንጉሥ ነው። የእሱ ይጠየቅ። ነገር ግን በሐምሌ 1918 በየካተሪንበርግ ከተማ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ሚስቱ፣ አራት ሴት ልጆቹና የ13 ዓመት ሕመምተኛ ልጁ አብረው ተረሸኑ። ሐኪሙና አገልጋዮቹ እንኳ አልተረፉም። ያ ልጅ ማንን በደለ?

ወንድሞችና እህቶች፣ መድረሳ ገብተን የተማርነው ሚዛን ግልጽ ነው፤ የአባት ወንጀል በልጅ አይጻፍም፣ ጠላታችን እንኳ ቢሆን ዐድል ይገባዋል። ደርግ ሦስቱን በዓሎቻችንን የመንግሥት በዓል አድርጓል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ያለ ፍርድ መግደልን በመኳንንቱ ላይ የለመደ እጅ፣ ብዙ ሳይቆይ በቀይ ሽብር የድሃውን ልጅ መንገድ ላይ ጣለው። በዚያ ጊዜ ሙስሊም ክርስቲያን ብሎ የለየ የለም። በልዕልቷ እስር ያጨበጨበ ሰው በልጁ ሬሳ ላይ ሲያለቅስ «ፍርድ ቤት የት ነው?» ቢል ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ ዛሬም አንድ ሰው በዘሩ፣ በአባቱ ወይም በሰፈሩ ሲያዝ ስትሰሙ፣ የእናንተ ወገን ባይሆንም «እሱ ራሱ ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አላህ ዙልምን ከሚጠሉት፣ በጠላታቸውም ላይ ፍትሕን ከሚያቆሙት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።