ከደሴት ሸንጎ ወደ እንክብል፦ የካቫ ሥር ታሪክ

የመድኃኒት ታሪክ የተክሉ ብቻ ሳይሆን የአዘገጃጀቱም ታሪክ እንደሆነ በካቫ ላሳያችሁ እወዳለሁ። ካቫ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው። የቫኑዋቱ፣ የፊጂና የቶንጋ ሰዎች ሥሩን ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠውና አጥልለው ይጠጡታል፤ እንግዳ ይቀበሉበታል፣ ሸንጎ ይከፍቱበታል፣ መንፈሳቸውን ያረጋጉበታል። ከካፒቴን ኩክ ጋር የተጓዘው ጆርጅ ፎርስተር በ1786 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ሰጠው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ሥሩ በአውሮፓ የጭንቀት ማስታገሻ እንክብል ሆነ፤ በውሃም ፈንታ በአልኮልና በአሴቶን ይጨመቅ ጀመር። የጉበት ጉዳት ሪፖርቶች ሲከታተሉ ጀርመን በ2002 ፈቃዱን ሰረዘች፤ የደሴቶቹ ገበሬዎችም ገበያ አጡ። ቫኑዋቱ በዚያው ዓመት ለውጭ ንግድ የሚፈቀዱትን ዝርያዎች በሕግ ለየች። በ2014 የኮሎኝ አስተዳደር ፍርድ ቤት ስረዛውን ሻረው።

የጉዳቱ መንሥኤ ዛሬም ያከራክራል። እኔ ግን አንድ ነገር እገነዘባለሁ፦ ንግድ ሥሩን ሲወስድ የትኛው ዝርያ፣ የትኛው ክፍል፣ በምን ተበጥብጦ የሚለውን እውቀት ትቶ ሄደ፤ በተከሰሰ ጊዜ ግን ችሎት የቆመው ተክሉ ነበር።