ያበጠ ጉልበትና ያልተጠየቀ ምርመራ፦ ከጎጃም ደጋ የሕክምና ታሪክ

በጎጃም ደጋ የሕፃን ጉልበት ሲያብጥ ለብዙ ዘመን «ቁርጥማት» ወይም «ወለምታ» ከመባል ያለፈ ስም አልነበረውም። ብርድ መታው ከተባለ በቅቤ ይታሻል፤ ወድቆ ነው ከተባለ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል፤ ሕመሙ ከበረታም ጠበል ይገባል። ወደ ጤና ተቋም የደረሰውም ቢሆን በቅድሚያ የሚታሰብለት ሩማቲክ ፊቨር ወይም የአጥንት ቲቢ ነበር። ሁለቱም በአገሪቱ የታወቁ በመሆናቸው ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በኢትዮጵያ የኤችአይቪ መኖር በመጀመሪያ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። በ1987 ደግሞ ዊንቸስተርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ ኤድስና የመገጣጠሚያ ብግነት በአንድ ሕመምተኛ ላይ አብረው እንደሚታዩ ጻፉ። የሕፃናቱ ጉዳይ ግን ዘግይቶ ነው የታወቀው። ሕክምና ካላገኙት፣ ቫይረሱ ከእናታቸው ከተላለፈባቸው ሕፃናት መካከል በአፍሪካ ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። የመገጣጠሚያው ሕመም የሚታየው በአብዛኛው ከፍ ባሉት ልጆች ላይ ስለሆነ፣ በሽታው እንዲታወቅ ልጁ አስቀድሞ መኖር ነበረበት።

በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ፤ ቀጥሎም አገልግሎቱ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ከደብረ ማርቆስ ርቀው ለሚኖሩ የገጠር ቤተሰቦች ይህ የመንገድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነበር። ለሞት ይታጩ የነበሩ ልጆች ለትምህርት ቤት በቁ። ሳይመረመሩ ያደጉም ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹን በመጀመሪያ ወደ ሐኪም የሚያመጣቸው ያበጠ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ሊሆን ይችላል።

መንሥኤው አንድ አይደለም። ቫይረሱ ራሱ ብግነት ያስከትላል፤ መግል አምጪ ባክቴሪያና ቲቢም በተዳከመው ሰውነት ላይ ይበረታሉ፤ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራትም የሚያገግመው የመከላከል ኃይል ተደብቆ የቆየውን ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ሩማቲክ ፊቨር ነው ተብሎ ብቻ የተያዘ ልጅ ለዓመታት የፔኒሲሊን መርፌ እየተወጋ፣ በደሙ ያለው ቫይረስ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ቲቢ ላለበት መገጣጠሚያ ስቴሮይድ መስጠትም ጉዳቱን ያብሳል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መገጣጠሚያው ላበጠ ልጅ ሁሉ፣ በቤተሰቡ ፈቃድ የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግ፤ የእናቱም ሁኔታ በአክብሮት ይጠየቅ። መገጣጠሚያው ከጋለና ልጁ ትኩሳት ካለው ፈሳሹ ሳይውል ሳያድር ተቀድቶ ይመርመር፤ ቲቢ ይፈለግ፤ ኤችአይቪ ቢገኝበትም ልቡን ማዳመጥ አይቅር፤ አንዱ በሽታ ሌላውን አያስቀርምና። ወጌሻውም ሊነቀፍ ሳይሆን ሊመከር ይገባዋል። ያልወደቀ ልጅ እግሩ ካበጠ፣ ከመታሸቱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልከው።