የባሕር ንግድ ቁልፍ መሠረተ ልማትና የመረጃ ደህንነት

ከሰበታ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር መስመር በደቡብ አዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የፉሪ-ለቡ ጣቢያ ያልፋል። አካባቢው ከባሕር የራቀ ቢሆንም፣ አብዛኛው የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከሚተላለፍበት የጅቡቲ ወደብ ጋር በዚህ መስመር ተገናኝቷል።

ወደብ የሌላት አገር የባሕር መሠረተ ልማት መርከብና ክሬን ብቻ አይደለም። የጭነት ሰነድ፣ የባንክ ፈቃድ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴይነር መዝገብም የዚሁ አካል ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ጉምሩክንና ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ሥርዓት አገናኝቷል። አሠራሩ ጊዜና ወጪ የሚቆጥብ ሲሆን፣ በአንዱ መሥሪያ ቤት የሚፈጠር የጥበቃ ክፍተት ግን ለሌሎቹም ሊተርፍ ይችላል።

የአደጋውን መጠን ከሌሎች አገሮች መረዳት ይቻላል። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. በዩክሬን ከአንድ የሂሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ ጋር የተሰራጨ አጥፊ ቫይረስ የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አክስሮታል። ኩባንያው ኔትወርኩን መልሶ ለማቋቋም የረዳው፣ በጋና ኤሌክትሪክ በመቋረጡ ከጥቃቱ የተረፈ አንድ የመረጃ ቅጂ ነበር። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ትራንስኔት በደረሰበት ጥቃት የደርባንን ጨምሮ የኮንቴይነር ወደቦች ሥራ ተስተጓጉሏል።

በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ቁልፍ መሠረተ ልማቶችን ከጥቃት የመከላከል ኃላፊነት ተሰጥቶታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በእነዚህ መሠረተ ልማቶች ላይ በሚፈጸም ወንጀል ከበድ ያለ ቅጣት ይጥላል።

ይሁን እንጂ ጥበቃው የሚጀምረው ከየመሥሪያ ቤቱ ነው። የይለፍ ቃልን ለሌላ አለመስጠት፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛን የመግቢያ ፈቃድ በዕለቱ መሰረዝና ሶፍትዌር የሚያቀርቡ ድርጅቶችን አሠራር መፈተሽ ያስፈልጋል። የመረጃ ቅጂ ከኔትወርክ ውጭ መቀመጥና በየጊዜው መሞከር ይኖርበታል። ሥርዓቱ ሲቋረጥ በወረቀት የሚሠራበት መመሪያም አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ወደብ ቢደርስም፣ ሰነዱ ካልተገኘ ማዳበሪያው ለአርሶ አደሩ የዘር ወቅት ሳያልፍ ሊደርስ አይችልምና።